ብስክሌቱና «ያዝ!» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሐል ጫማ ሠሪው አጠገብ ሳልፍ እግሬ ድንገት ቆመ። ሰውዬው ጣሊያኖቹ ጥለውት ከሄዱት የካሚዮን ጎማ በረባሶ እየቆረጠ ነበር፤ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ያግለዋል፣ ጎማው ላይ ሲያሳርፈው ጭስ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ያ ሽታ ይመጣል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ እየተቻኮለ ያልፋል። እኔ ግን ጠጋ አልኩ። «ምን ልስጥሽ እኅቴ? ለአንቺ እግር ነው?» አለኝ። «ሽታውን ነው» አልኩት። ሰውዬው እስኪያስለው ሣቀ። «ሽታውስ በነጻ ነው፤ የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ!» እኔም ወሰድኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ስገባም ወረቀቴን አወጣሁ።

ወረቀት ስል የስኳር መጠቅለያ ነው፤ ሰማያዊ፣ አንድ ወገኑ ሻካራ፣ ግን ቀለም ይይዛል። መጻፍ ከቻልኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ እጄ አንዴ ከጀመረ ማቆም ይቸግረዋል። እናቴ «ደግሞ ምን ትሞነጭሪያለሽ?» ስትለኝ «የድሮውን» አልኳት። «ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖሽ ምን ድሮ አለሽ?» ብላ ሣቀችብኝ። ለእሷ አራት ዓመት ትናንት ነው። ለእኔ ግን የዕድሜዬ ሩብ ነው። የዕድሜው ሩብ የሄደበት ሰው ድሮ ቢል ማን ይከለክለዋል?

ያን ጊዜ ጣሊያን ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር መሰለኝ። ቀን መቁጠር የትልልቆች ሥራ ስለነበረ እኔ የያዝኩት ሌላ ሌላውን ነው። ሽማግሌዎቹ ደብረ ማርቆስ ማለት አልሆንላቸው ብሎ ከተማዋን አሁንም መንቆረር ይሏት ነበር። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር በመንገዱ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች አቧራ ይለብሱና ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የተሰናዱ ይመስላሉ። ባላገሩ ሊሬ የሚባለውን ወረቀት አላምን ብሎ፣ ጠገራ ብሩን ድንጋይ ላይ እያቃጨለ ድምፁን ያዳምጣል፤ ሴቶቹ ደግሞ አንድ ክንድ አቡጀዲ ለመግዛት ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ደረቱ ላይ አራት ኪስ ያለው ካኪ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ካለፈ፣ ኪሶቹ ባዶ መሆናቸውን እያወቅን እንኳ ዞረን እናየው ነበር። ከጭነት መኪናዎቹ ማቆሚያ በኩል ወታደሮቹ አኮርዲዮን ሲጫወቱ ይሰማል፤ ቃሉ ስለማይገባን እኛ ልጆቹ ዜማውን ብቻ ይዘን እንቀራለን። አንዱ ዜማ እስከ ዛሬ ልብስ ሳጥብ ይመጣብኛል። እናቴ ከሰማች «ተይ እሱን» ትለኛለች፤ እኔም እተወዋለሁ፤ ደግሞ ይመጣብኛል።

ወንድሜ አንዱዓለም ያን ጊዜ ከጣሊያኖቹ ዕቃ ቤት ተላላኪ ነበር። የዕቃ ቤቱ ሹም ሊጥለው ያወጣውን አንድ ስብር ብስክሌት ሰጠውና ቤት ይዞት መጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ሲፈታው ሲገጥመው፣ ጎማውን እያጋለ ሲለጥፍ፣ ቤታችን የሚሸተው ያንን ነበር፤ የተቃጠለ ጎማ። እናቴ «ወጡ ሁሉ ጎማ ጎማ አለብኝ» እያለች ታማርር ነበር፤ ግን በጠዋት ተነሥታ የብስክሌቱን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ የምትጠርገው እሷው ናት። ጥቁር ነው፤ መሪው የዛገ፤ ደወሉ ግን ጥርት ያለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወንድሜ ማገዶ ላምጣ ብሎ ወጣና አልተመለሰም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ማገዶ ላምጣ ብሎ ይወጣ ነበር። የት እንደሄዱ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ትቶት ሄደ፤ የዓባይ በረሃ ለብስክሌት አይሆንም። አሁን የሌሎቹ ወንድሞች ጠጉራቸውን አጎፍረው ከበረሃ ገብተዋል። የእኛን እየጠበቅን ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ቤታችን ዝም አለ። እንዴት ልበላችሁ፤ ማንም ክፉ ነገር አልተናገረንም፤ ሰው ብቻ ቀረ። ትናንት እሳት ሊጭር የሚመጣው ዛሬ ከሩቅ ቤት ይጭራል። ውኃ ስወርድ እኩዮቼ እንስራቸውን ሳይሞሉ አንሥተው ይሄዳሉ። ከሁሉ የባሰው የብርቄ ነገር ነበር። ብርቄ ጎረቤታችን ናት፤ ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ አጥሩ የሚለያቸው ለስሙ ያህል ብቻ ነው። ወንድሜ በሄደ በሳምንቱ መንገድ ላይ ስንገናኝ ብርቄ አንገቷን ሰበር አድርጋ «እንደምን አደሩ» አለች። አደሩ! ለእናቴ! ዕድሜ ልኳን «አንቺ» ስትላት የኖረች ሴት። ሌላ ሰው ቢሰማ አክብሮት ይመስለዋል። እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰች። ቤት ከገባን በኋላ ነው ለግድግዳው «አንቱ አለችኝ» ያለችው። «ብርቄ አንቱ አለችኝ።»

የብርቄን ልጅ ደግሞ ልንገራችሁ። ስሙ ሽጤ ነው። ከእሱ በፊት ብርቄ ሦስት ቀብራለች። ስለዚህ እሱ በተወለደ ጊዜ፣ ሞት የማን እንደሆነ እንዳያውቅ፣ እንደ ወጉ ለሌላ ሰው መሸጥ ነበረበት፤ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካ ለእናቴ ሸጠችላት። ዋጋው አንድ እፍኝ ጨው ነው። እናቴም ከፍላ ተቀበለችና «በይ እንግዲህ ልጄን አሳድጊልኝ» ብላ መልሳ ሰጠቻት። ግራ ጆሮው ተበስቶ ቀለበት ገብቶበታል፣ አናቱ ላይ ቁንጮ አለው። ብርቄ እንደ እንቁላል ነው ያሳደገችው። «ተው፣ ትወድቃለህ! ተው፣ ይወጋሃል!» ሲባል ያደገ ልጅ በስምንት ዓመቱ ቦይ መዝለል ይፈራል፤ አውራ ዶሮ ቢያይ መንገድ ይቀይራል። ይህ ፈሪ ልጅ ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ ከቤታችን ሲቀር መምጣቱን ያልተወው። የሸጡበት ቀዳዳ አሁንም ነበር፤ በእሱው ሾልኮ ይገባና ብስክሌቱ ፊት ይቆማል።

«እታለም፣ ልንካው?»

«ንካው።»

«አይነክስም?»

«ምኑ ነው የሚነክሰው?»

«ይሄ ጥርስ ያለው።» ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ብረት ነው ያሳየኝ።

«እሱ ሣር ነው የሚበላው» አልኩት። አመነኝ። በማግስቱ እፍኝ ሙሉ ሣር ይዞ መጣ።

ያን ቀን ነው ላስተምርህ ያልኩት። እኔ ራሴ ነድቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ልወጣበት እንደምችል ለራሴ እንኳ አልታየኝም፤ አሁን ስጽፈው ነው የገረመኝ። የማውቀው በቅሎ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎው ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው፤ እኔም ሽጤን ያለ ጥርጥር በቀኝ አወጣሁት። ሰንሰለቱ ያለው ደግሞ በቀኝ ነው! ሁለት እርምጃ ሳንሄድ የእጀ ጠባቡን ጫፍ ግጥም አድርጎ ያዘና ይጎትተው ጀመር። ሽጤ ሳያለቅስ፣ በጣም በተከፋ ድምፅ፣ «ጥርስ አለው ብዬሽ ነበር» አለኝ። ልብሱን አውልቄ፣ እናቱ ከገበያ ሳትመለስ ብዬ፣ በመርፌ ጠቀምኩት። ብርቄ ካየች ማለቂያው ነው፤ ልጇ የት እንደሚውል ታውቃለች፣ ያ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራ ሆነ።

ብርቄ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ጌሾ ትሸጣለች። የእኛ ቀን እነዚያ ሁለቱ ነበሩ። ከቤታችን ጀርባ ያለው መንገድ ላዩ ሜዳ ነው፣ ከዚያ እየወረደ ገበያው መሐል ይገባል፤ እኛ ከሜዳው አንወጣም። ሽጤ ኮርቻው ላይ አይደርስም፤ ቀኝ እግሩን በብረቱ ሥር አሾልኮ፣ ጎበጥ ብሎ፣ እንደ ሸርጣን ነው የሚረግጠው። እኔ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እሮጣለሁ። መርገጫውን «እርካብ»፣ መሪውን «ልጓም» ነበር የምንለው፤ ፍሬኑ ግን ስም ስላልነበረው «ያዝ!» ስለው ያንን ይጨብጣል። ወደ ጉድጓድ ሲያዘነብል «ያዝ!» መሪው ሲወላገድ «ያዝ!» ጠቅላላ ትምህርቱ ይህች አንዲት ቃል ነበረች። እሱም በየአሥር እርምጃው ይጠይቀኛል።

«እታለም፣ ይዘሽኛል?»

«ይዤሃለሁ።»

«ይዘሽኛል አይደል?»

«ይዤሃለሁ አልኩህ እኮ!»

ይህን ሲጠይቀኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ድምፄን የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ። በሦስተኛው ሳምንት መሪው ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ፤ ኮርቻው በእጄ ውስጥ ቀለለኝ። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ብለቀው ይሄዳል። አልለቀቅኩትም። ይባስ ብዬ አጠበቅሁ። አንዳንዴም፣ ዛሬ ላልዋሽ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሆን ብዬ ወደ ጎን ሳብ አደርገዋለሁ፤ ይደነግጥና «ይዘሽኛል?» ይላል። ከተማረ ለምን ይመጣል? ብስክሌቱ ጓሮአቸው ድረስ ቢሄድለት እኔን ምን ያደርገኛል? እንዲህ እያልኩ አንድ ፈሪ ልጅ ፈሪ ሆኖ እንዲቀር በሙሉ ጉልበቴ እሮጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ልጁ ራሱ «እታለም፣ እስቲ ልቀቂኝ» አለኝ።

«ትወድቃለህ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«እናትህስ?» አልኩት። ይህችን ስለው ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ዝም አለ። እኔም እንዳላፍር ብዬ ከወትሮው አፍጥኜ መሮጥ ጀመርኩ። ከሜዳው ጫፍ መድረሳችንን አላየሁም። ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሬ ከድንጋይ ተጋጨ፣ በግንባሬ ተደፋሁ፤ ኮርቻው ከእጄ ሾለከ። ቀና ስል ብስክሌቱ ሽጤን ይዞ ወደ ገበያው እየወረደ ነው። መሬት ላይ እንደተዘረርኩ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። «ያዝ! ያዝ! ያ-ዝ!»

ፍሬኑን ጨብጥ ማለቴ ነበር። ግን በዚያ ዘመን መንገድ ላይ «ያዝ!» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም።

ገበያው ሁሉ ብድግ አለ። «ሌባ! ያዙት ተባለ!» «ምን ወሰደ?» «ብስክሌት!» «ኧረ ብስክሌቱ ነው እሱን የወሰደው!» ሽጤ ሰው ሲያሯሩጠው ሲያይ ያን ሁሉ ዘመን የፈራውን ፍርሃት በአንድ ቀን ወደ እግሩ አወረደው መሰለኝ፣ ይረግጥ ጀመር። በጨው ሻጮቹ መሐል ገባ፣ በበርበሬዎቹ በኩል ወጣ፤ አህዮች በረገጉ፣ ዶሮ ተበተነ፣ እሱ ግን ቁንጮው በነፋስ ቆሞ፣ በብረቱ ሥር ተሸጉጦ፣ ቀጥ ብሎ ነጎደ። እኔ እያነከስኩ ከኋላ እሮጣለሁ፤ «ያዝ» ማለት ይቅርብኝ ብዬ አፌን በእጄ ይዣለሁ። እህል መጋዘኑ በር ላይ የሚቆመው ባንዳ ዘበኛ ፊሽካውን ነፋ። አልቆመለትም። ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁት።

ብርቄ ከጌሾዋ ላይ ተነሣች። እንዴት እንደደረሰች አላውቅም፤ ነጠላዋን ጥላ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ዘበኛው ፊት ቆማለች። «ልጅ ነው! ልጄ ነው! ዓይንህ አያይም? ልጅ እኮ ነው!» ከኋላዋ ብስክሌቱ ገበያው ግርጌ የጭድ ክምር ውስጥ ዘው ብሎ ገባ። ዝም ሆነ። ከዚያ ከጭዱ ውስጥ ደወሉ ቅጭል አለ። ሽጤ ጠጉሩ ሁሉ ጭድ ሆኖ ብቅ አለና፣ ልጅነቱን ሁሉ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ሣቀ።

ሰዉም ሣቀ። ዘበኛው ግን አልሣቀም፤ በብዙ ሰው ፊት ሕፃን ላይ ጠመንጃ አውርዷል። «የማን ነው ይሄ ብስክሌት?» አለ። ሣቁ ተቋረጠ። የማን እንደሆነ የማያውቅ በዚያ ገበያ አልነበረም። የወንድሜ ስም ከተጠራ ብስክሌቱ ብቻ ሳይሆን ቤታችንም እንደማይቀርልን ልጅ ብሆንም አውቃለሁ። ብርቄ ወደ እኔ አየች። ከስንት ሳምንት በኋላ ዓይኗ ከዓይኔ ሲገናኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«የልጄ ነው» አለች።

«ያንቺ ልጅ ብስክሌት አለው?»

«ኖሮት አየኸው አይደል?»

ዘበኛው ልጁን አየ፣ ብስክሌቱን አየ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ፊሽካውን ኪሱ ከተተና «እሺ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ልጅ ሌላ ሰው ይዞት ባይ እወስደዋለሁ» አለ። እንዲህ ነው ብስክሌቱ በገበያው ሁሉ ፊት የሽጤ የሆነው።

ብርቄ ወደ ቤታችን የመጣችው ጌሾዋን እንኳ ሳታነሣ ነው። በቀዳዳው አይደለም፤ በበሩ፣ በዋናው በር፣ መንገድ ሙሉ ሰው እያየ። አንድ እጇ ሽጤን፣ አንድ እጇ ብስክሌቱን ይዟል፤ ከእግሯ ሥር አቧራ ይነሣል። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር።

«አንቺ!» አለች ብርቄ ገና ከደጅ። «አንቺ ልብ የለሽም? ልጄን ልታስገድዪብኝ ነው? ይህቺን ልጅሽን አትቆጪም? ሳትነግሪኝ! እኔ ገበያ ስውል አንቺ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

እናቴ ስለ ብስክሌቱ ትምህርት የምታውቀው ነገር እንዳልነበረ ልናገር አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ግቢ ብርቄ» አለች።

«አልገባም! ቆሜ ነው የምናገረው!»

«ቁሚ፤ ግን ገብተሽ ቁሚ። ሰው ይሰማል።»

ብርቄ ገባች፤ ቆመች። «ልጄን በጥይት...»

«የማንን ልጅ?» አለች እናቴ። «በእፍኝ ጨው ገዝቼዋለሁ እኮ።»

«ጨውሽን እመልስልሻለሁ!»

«ዘንድሮ ጨው ተወዷል። በድሮው ዋጋ አልቀበልም።»

ብርቄ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ሣቅ አመለጣት፤ ሣቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ፤ መደቡ ላይ ዘጭ አለች። «የማን ነው ሲለኝ...» አለች። «ስማችሁን ብጠራ ቤታችሁን ያቃጥሉታል ብዬ... በገበያ ፊት ዋሸሁ። አሁን እኔም ከእናንተው ተቆጠርኩ። ይኸን ስሸሽ አልነበር የከረምኩት?»

እናቴ ምስሩን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች። «አንቺ አልሽኝ» አለቻት።

«ምን?»

«ስትገቢ። አንቺ ነው ያልሽኝ።»

ብርቄ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እና ማን ልበልሽ?» አለቻት።

እስኪመሽ ተቀምጠው አወሩ። ከዚያ በኋላ ብርቄ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም፤ የከተማው ሰውም ቀስ በቀስ ተከተላት። ያን ቀን ስትሄድ ብስክሌቱን በበሩ አወጣችው፤ ዘበኛው ያለው መፈጸም አለበት። ሽጤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ዞሮ አየኝ። «እማዬ፣ እታለም እኮ እስከ ታች ድረስ ይዛኝ ነበር» አላት፤ ከልቡ ነው። እኔም አላረምኩትም። አሁን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ቁንጮው ተላጭቷል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ «እንደምን ዋልሽ እታለም» ይለኛል፤ ደግ ልጅ ነው፤ ሳልመልስለት ያልፋል። እስካሁንም አላረምኩትም።

ያን ጊዜ፣ ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በነበረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሽጤ በደጃችን አለፈ። በግራ በኩል ነው የወጣው፤ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ከኋላው እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ያለ ማንም ተሸጉጦ ይረግጣል። ደወሉን ደወለልኝና «እታለም፣ እይኝ!» አለኝ። አየሁት። መንገዱ እስኪታጠፍ ጠበቅሁ፤ ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ እናቴና ከገበያ ቀድማ የተመለሰችው ብርቄ አንዱን ወሬ ሁለቴ ሦስቴ እያነሡ ይሥቃሉ፤ የእናቴን ሣቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው። ደስ ብሎኛል፤ በእውነት ደስ ብሎኛል። ግን ሰዓቱ የእኔ ሰዓት ነበረ፤ እግሬ ደግሞ መቀመጥ እንቢ አለኝ። ከጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣሁ። ማንም አልነበረም። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ከዚያው ከምንነሣበት ቦታ ተነሣሁና መሮጥ ጀመርኩ፤ ቀኝ እጄ ወደፊት ተዘርግቶ፣ ጣቶቼ ኮርቻ እንደያዙ ተጨብጠው፣ እስከ ሜዳው ጫፍ፣ ደግሞ መለስ፣ ደግሞ እስከ ጫፍ። ከአምበር በኩል አህያ እየነዱ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ መንገዱን ለቀው ቆሙልኝ። አዩኝ፤ ከኋላዬም ማን አለ ብለው ተመለከቱ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ማን እያባረረሽ ነው?»

ቆምኩ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

«ማንም የለም» አልኳቸው።